ልብስ ሰፊው፣ ልጁና የተዘጋው ገጽ

የጓሮ አትክልት አተካከል በቪዲዮ የሚያስተምር አንድ ወጣት ወደ መምህሩ መጥቶ፣ «መምህር፣ ሥራዬን የምጭንበት ድረ ገጽ እየሞተ ነው። ሰዉ በየቀኑ ይሸሻል። ገጹ ሲሞት እኔስ ምን እሆናለሁ?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ የሚቀመጥበትን አሳየውና እንዲህ ሲል ነገረው።

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። ሚስቱ ሞታበት ከአንዲት ልጁ ጋር ይኖራል። ልጅቱ ትርሲት ትባላለች፤ በሕፃንነቷ ማጅራት ገትር ይዟት ከሞት ብትተርፍም ጆሮዋ አልተረፈም። ሰውየው ልጁን ማናገር ቢያቅተው መስማት የተሳናቸው ልጆች ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት ይዟት ሄደ። ከሕፃናት ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የምልክት ቋንቋ ተማረ። መርፌ የለመዱ ጣቶቹ ቶሎ ታዘዙለት። መጀመሪያ ከልጁ ጋር የተጨዋወቱ ዕለት ሱቁን ሳይከፍት ዋለ።

ታዲያ አንድ ነገር አሳሰበው። ትምህርት ቤቱ ያለው ትልቅ ከተማ ነው። በየገጠሩ ልጁን ማናገር ያቃተው ወላጅ ምን ያድርግ? ስለዚህ ከትርሲት ጋር አጫጭር ቪዲዮ መሥራት ጀመረ። እሱ ቃሉን በአፉ ይናገራል፤ እሷ በእጇ ታሳያለች። ውኃ። አመመኝ። ወዴት ትሄዳለህ? ይህን ሁሉ አንድ የሩቅ አገር ባለጸጋ ባቆመው የቪዲዮ ገጽ ላይ ይጭኑት ነበር። ወላጆች ከየአቅጣጫው ያያሉ፤ ይጽፉለታል። መናኸሪያ አጠገብ ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት እናት «ዛሬ ልጄ የት እንዳመመው አሳየኝ» ብላ ብትጽፍለት፣ ለሚመጡት ደንበኞች ሁሉ አነበበላቸው።

እያደር ባለጸጋው ገጹ ሰለቸውና ለሌላ ሸጠው። የገዛው ሰውም ማስታወቂያ አበዛበት። አንዲት ቃል ለማየት የሚመጣ ወላጅ መጀመሪያ የሳሙና፣ ቀጥሎ የውርርድ ማስታወቂያ ማየት ግድ ሆነበት። ቪዲዮው ራሱ እየተንቀረፈፈ መጣ። ጎበዝ ጎበዞቹ ሠሪዎች ቀድመው ለቀቁ፤ ተመልካቹም ተከተላቸው። ልብስ ሰፊው ግን ጥፋቱ የራሱ መሰለው። «ሰልችቻቸው ነው» አለ። የሰውን ዓይን ለመመለስ ሲል ኮፍያ ገልብጦ ማድረግ፣ ከወንበር መውደቅ፣ ፊቱን ዱቄት መቀባት ጀመረ።

አንድ ቀን እንዲህ ሲቀርጹ ትርሲት እጆቿን አወረደች። ከዚያም በምልክት፣ «አባዬ፣ ይሄን ለማን ነው የምናሳየው?» ስትል ጠየቀችው።

«ለተመልካች ነዋ» አላት በእጁ።

«ለየትኛው? ሽንኩርት ሻጯ ልጇን ከወንበር መውደቅ ልታስተምረው ነው?»

ሰውየው ሄዶ ዱቄቱን ታጠበ። በማግስቱ ወደ ቀድሞ ሥራቸው ተመለሱ፤ የሚያያቸው ግን እያነሰ ሄደ።

በመጨረሻ ገጹ ሊዘጋ ነው፣ ሥራ ያለው ሥራውን ያውርድ የሚል ማሳሰቢያ ወጣ። ልብስ ሰፊው ለማውረድ ሞከረ። ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ተሻምቶ ነበርና ገጹ ተጨናነቀ፤ ክቧ ምልክት ስትዞር ትውላለች እንጂ አንድም ቪዲዮ አልወርድ አለ። የቀረጸበት ስልክ ቀደም ብሎ ተሰርቆበት ስለነበር ሌላ ቅጂ የለውም። ቀኑ ደረሰና ገጹ ጨለመ። የስንት ዓመት ልፋት እንደ ጉም በነነ።

ሰውየው የስፌት መኪናው ላይ እጁን ጥሎ ተቀመጠ። ያስጨነቀው የስሙ መጥፋት አልነበረም። የሆነች እናት ልጇ ሲያለቅስባት አንድ ቃል ፈልጋ ታጣለች፤ አንጀቱን የበላው ይህ ነው። ሥራ አስጠላው። እህል አልወርድ አለው።

አንድ ጠዋት ግን ተነሥቶ ሱቁን ቆለፈ። የሽንኩርት ሻጯን ከተማ ስም ያስታውሳል፤ ከዚያ ሌላ ስለ እሷ የሚያውቀው የለም። «ሄደን ይቅርታ እንጠይቃት። እዚያው ቁጭ ብለን የቻልነውን ያህል ቃል እናስተምራታለን» አላት ትርሲትን። አውቶቡስ ተሳፍረው ሄዱ።

መናኸሪያው ሲደርሱ ሽንኩርት ሻጮቹን፣ «መስማት የማይችል ልጅ ያላት እናት ታውቃላችሁ?» ብሎ ጠየቀ።

«አንጓችን ነው? ዛሬ ቅዳሜ አይደል፣ ቤቷ ናት። እንደሷ ያሉት እናቶች ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ዘንድ ነው የሚሰበሰቡት» ብለው ቤቷን አመለከቱት።

በሩ ክፍት ነበር። ግቢው ውስጥ እናቶች ከነልጆቻቸው አንድ ስልክ ከበው ተቀምጠዋል። ከስልኩ የሚወጣው ድምፅ የራሱ የልብስ ሰፊው ድምፅ ነው። ደጃፉ ላይ ቆመ።

አንጓች ቀና ስትል አወቀችው፤ ደነገጠች። «ጋሼ፣ እንዳይቆጡን» አለች ብድግ ብላ። «እዚህ ኔትወርኩ ደካማ ነው፤ ጽሑፍ እንጂ ቪዲዮ አይከፍትም። የሞባይል ቤቱ ሰውዬ ዕቃ ሊያመጣ ወደ ዞኑ ከተማ ሲሄድ እያወረደ ሚሞሪ ላይ ይጭንልን ነበር። እኛም እርስ በርስ ተቀባበልነው። ሳናስፈቅድዎት ነው።»

«ሁሉም አለ?» አላት።

«የጎደለ አይጠፋም። አብዛኛው ግን አለ።»

እነሱ ይህን ሲባባሉ አንዲት ትንሽ ልጅ ስልኩን ትታ መጥታ ትርሲት ፊት ቆመች። አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ትርሲትን አየችና በእጇ፣ «እዚያ ውስጥ ያለሽው አንቺ ነሽ? እንዴት ወጣሽ?» ብላ ጠየቀች።

«በአውቶቡስ» አለቻት ትርሲት።

ልብስ ሰፊው እንባው እየወረደ ሳቀ። እናቶቹ ምሳ አቀረቡ፤ ከስንት ቀን በኋላ እህል ጣመው። የጎደሉትን ቪዲዮዎች እዚያው ግቢ ውስጥ ከልጆቹ ጋር እንደገና ቀረጿቸው። ከዚያ ወዲህ ሥራውን ሌላ ገጽ ላይም ይጭናል፤ ነገር ግን አንድ ቦታ ብቻ አይተወውም፤ ለጠየቀው ወላጅ ሁሉ በሚሞሪ ይልካል። የድሮውን ያህል ተመልካች አላገኘም። ያገኛቸውን ግን በየስማቸው ያውቃቸዋል።

መምህሩ ይህን ተናግሮ ወደ ወጣቱ ዞረ።

«ልጄ፣ ምን እሆናለሁ ብለህ ነው የጠየቅኸኝ። አልዋሽህም፤ ገጹ ሲዘጋ ብዙ ነገር ይዞብህ ይሄዳል። በሩ ክፍት ስለሆነ ብቻ ጎራ ይሉ የነበሩት አይመለሱም፤ ዱቄት ብትቀባላቸውም አይመለሱም። ሥራህን ወስዶ ቤቱ ያስገባውን ሰው ግን ገጹ ሊወስድብህ አይችልም፤ እሱ ከአንጓች ጋር ያሉትን እናቶች ይመስላል። አንተም በዚያ ገጽ ላይ ተከራይ ነህ። ተከራይ ቤቱ ቢፈርስበት ዕቃውን ይዞ ይወጣል እንጂ ግድግዳ ታቅፎ አይሞትም። ስለዚህ የሠራኸውን ዛሬውኑ አውርደህ አስቀምጥ። ከዚያ ካንተ አይቶ ጎመን የተከለ አንድ ሰው ፈልግና ደጁ ድረስ ሂድ። ጓሮውን ስታይ ጥያቄህን ትረሳዋለህ።»