የክርስትና አባት የበዛለት ሕፃን

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ዘመን፣ የአንድን ሆስፒታልና በየገጠሩ ያሉ ጤና ጣቢያዎቹን ኔትወርክ የሚጠብቁ ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ። ሥራቸው አንድ፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነበር።

ታላቁ ደምመላሽ በእጁ ያልነካውን አያምንም፤ እያንዳንዱን መሣሪያ በየተራ እየከፈተ ያስተካክላል። መካከለኛው ይታየው መድገም ሞቱ ነው፤ አንዴ ትእዛዝ ጽፎ ለሁሉም መሣሪያ በአንድ ጊዜ ይልካል። ታናሹ ናሁሰናይ ግን ማዘዙም ሰልችቶት፣ ኔትወርኩ ሕመሙን ራሱ እንዲያውቅና መላ እንዲፈልግ አስተማረው። ወንድሞቹ «ሰነፉ» ይሉታል። እሱም አይቀየምም።

አንድ የክረምት ቀን፣ ዘመናይ የምትባል ሴት ሩቅ ጤና ጣቢያ ውስጥ ምጥ ጠናባት። አዋላጅ ነርሷ የሆስፒታሉ ሐኪም በቪዲዮ የሚነግራትን እየሰማች ስትረዳት፣ ጎርፍ መስመሩን በጠሰው። ሐኪሙ ከስክሪኑ ጠፋ። ባልዋ አዱኛው «አለቀልኝ!» ብሎ መሬት ላይ ዘፍ አለ።

ናሁሰናይ ይህን ጊዜ ሻይ ቤት ተቀምጦ ይሳሳቃል። ያስተማረው ኔትወርክ ግን መቋረጡን ወዲያው አወቀ፤ በተራራው በኩል የሚያልፍ ሌላ መንገድ መረጠና ለወንድማማቾቹ የድረሱልኝ መልእክት ላከ።

የተራራው መሣሪያዎች ለዚህ አልተዘጋጁም ነበር። ይታየው ከወንበሩ ሳይነሳ አንድ ትእዛዝ ላከላቸው። ሁሉም ታዘዙ፤ አንዱ ብቻ እምቢ አለ።

ያንን እምቢተኛ መሣሪያ ደምመላሽ ቀደም ሲል በእጁ ነካክቶ፣ የይለፍ ቃሉን ቀይሮ፣ ለማንም ሳይናገር ትቶት ነበር። «የኔ ጣጣ ነው!» አለና ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ጭቃውን እየሰነጠቀ ወጣ። ዝናብ እየደበደበው መሣሪያውን ከፈተው። ሐኪሙ ስክሪኑ ላይ ተመለሰ። እናት ተረፈች፤ ወንድ ልጅም ተወለደ። እሰይ!

አዱኛው ሦስቱንም አስጠርቶ «ከእናንተ አንዱ ልጄን ክርስትና ያንሳልኝ» አላቸው። ጭቅጭቁ ያኔ ጀመረ።

«ጭቃ ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ» አለ ደምመላሽ።

«ወንድም ጋሼ፣ ማን አስገባህና! ሌሎቹን ሁሉ ባላዘጋጅ ያንተ አንድ መሣሪያ ምን ይፈይድ ነበር?» አለ ይታየው።

«ሁለታችሁንስ ማን ጠራችሁ?» አለ ናሁሰናይ።

«አንተማ ሻይህን ትጠጣ ነበር!» አሉት ባንድ ድምፅ።

አርባው ቀን ደረሰ። የክርስትና አባት ደግሞ አንድ ነው። ዘመናይ ልጇን እንደታቀፈች ሦስቱንም ታያለች፤ ለሦስቱም ልቧ ይራራል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ሕፃኑን ማን ያንሳው? ራሱ ያበላሸውን ሮጦ ያቀናው፣ ከወንበሩ ሳይነሳ ለሁሉም ያዘዘው፣ ወይስ በሌለበት የደረሰው?