በቅሎ ያልጠየቀችው ጥያቄ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሳይዘንብ በቀረበት ዓመት፣ ምንጩ ሁሉ ደርቆ አንዲት ጉድጓድ ብቻ ቀረች። አንበሳም ለእያንዳንዱ እንስሳ አንድ ቅል ውሃ ብቻ እንዲታደል አዘዘ። በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በከሰል ሠንጠረዥ ተሰመረ፤ በአንድ ወገን ስም፣ በሌላው የአባት ስም። ጽሕፈቱ የተሰጠው ለበቅሎ ነው። ባዶ ቦታ እንዳትተው፣ አንዱን ስም ከነአባቱ ሁለቴ እንዳትጽፍ አንበሳ አጥብቆ ነገራት።

በቅሎ ሆዬ፣ የአባት ነገር ሲነሳ ጆሮዋ ይወድቃል። ያው እንደምታውቋት፣ አባትሽ ማን ነው ሲሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» ባይ ናት። ሌላውን ብጠይቅ መልሶ ይጠይቀኛል ብላ ፈራችና የአባት ስም ቦታውን ባዶውን ተወችው።

አያ ጅቦ መጣ። «ዘርጋው» ተብሎ ተመዘገበና ውሃውን ግጥም አደረገ። ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ተሰለፈና አሁንም ዘርጋው ነኝ አለ። ሆዳም እንጂ ብልጥ አይደለም፤ ስሙን መቀየር እንኳ አላሰበም። በቅሎ፣ ዘርጋው ጠጥቶ ሄዷል አለችው።

«እሱ ሌላ ዘርጋው ነው» አለ ጅቦ፣ አፉን እየላሰ።

የማን ልጅ ነህ ብትለው ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። እሷ ግን ሳትጠይቅ እያፈረች ጻፈችው። አያ ጅቦም ይኼን ካየ ወዲያ ሆዱ እስኪነፋ ተመላለሰ።

ሰልፉ ሳያልቅ ጉድጓዷ ደረቀች። ሳይጠጡ ከቀሩት አንዱ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ሽማግሌ አህያ ነበር። ቀበሮም ወረፋዋ ሳይደርስ ቀርቶ ነበርና ድንጋዩን አየት አድርጋ አንበሳን ጠራችው።

«ጌታዬ፣ ይኼ ሁሉ ዘርጋው አባት የለውም እንዴ?»

አንበሳ ጅቦን የእያንዳንዱን ዘርጋው አባት ስም ቢጠይቀው፣ ለሁሉም የራሱን አባት ስም ጠራ፤ ዘርጋው ሁሉ የአንድ አባት ልጅ፣ ያውም ራሱ ጅቦ ሆኖ ተገኘ። ጅቦ ተባረረ። አንበሳ ወደ በቅሎ ዞሮ ለምን እንዳልጠየቀች ጠየቃት።

በቅሎ አንገቷን ደፋች። ሽማግሌው አህያ የሚያሳፍራትን ያውቃልና፣ እንዳያጋልጣት ብሎ እንደማያውቃት ሁሉ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። ይኼኔ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«የኔን እንዳይጠይቁኝ ብዬ ነው» አለች። «አባቴ አህያ ነው። ይኸው፣ ውሃ ያሳጣሁት።»

ማንም አልሳቀባት፤ አለመሳቃቸው ደግሞ ይበልጥ አሳፈራት። ለራሷ ያስቀመጠችውን ቅል ብትሰጠው፣ አባቷ ግማሹን ጠጥቶ ግማሹን መለሰላት።

«ጠጪ፣ ልጄ» አላት።

ከዚህ የምንማረው፣ የራሳችንን እፍረት ለመሸፈን ባዶ የተውነው ቦታ ለሆዳም በር፣ ለወገናችን ጥም እንደሚሆን ነው።