ታንጉትና እግር የለሹ

ተረት ተረት።

«የመሠረት።»

ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? ተረት ተረት!

«የመሠረት!»

በድሮ ጊዜ፣ አንድ ወንዝ ዳር፣ ታንጉት የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። በሬ የላትም። ላም የላትም። ከጓሮዋ ግን ሰባት ዶሮዎች ነበሯት። አንዱ ቀይ አውራ ዶሮ ነው። አምስቱ ቄቦች ናቸው። ሰባተኛዋ ገብስማ ትባላለች። ገብስማ አሮጊት ናት። እንቁላል መጣል ካቆመች ሦስት ክረምት አልፏል። ሌላ ሰው ቢሆን ድሮ አርዶ በበላት ነበር። ታንጉት ግን አልጨከነችም።

ታንጉት አንዲት ልጅም ነበረቻት። እናኑ ትባላለች። እናኑ ከወንዙ ማዶ ተድራ እርጉዝ ነበረች፤ የመጀመሪያዋ ነው። በዚያ አገር ልጅ የወለደች እንደሆነ እናት ዶሮ ይዛ ትሄዳለች። ወንዝ ቢሞላም ትሄዳለች። ከቀረች ነውር ነው። ስለዚህ ታንጉት አንዷን ቄብ ለይታ፣ ገብስ እያበላች፣ ቀኑን ትጠብቅ ነበር።

በዚያ ዓመት ክፉ በሽታ መጣ። በመጀመሪያው ሳምንት የየቤቱ ዶሮ አንገቱን ደፋ፣ ክንፉን ጣለ። በሁለተኛው ሳምንት ልጆች ማሳል ጀመሩ። በሦስተኛው ሳምንት መቃብር የሚቆፍር ጠፋ።

ሰዉ ደግሞ አንድ ልማድ ነበረው። ዶሮው አንገቱን ሲደፋ ያየ ሁሉ፣ ሳይሞትበት እግሩን አስሮ ወደ ገበያ ይሮጣል። የገዛው ሰው ቤቱ ያስገባዋል። ያም በሳምንቱ የራሱን ዶሮዎች አስሮ ወደ ሌላ ገበያ ይሮጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ አገሩ ሁሉ ተዳረሰ።

አንድ ማለዳ የታንጉት ጎረቤት አያ ቸኮል፣ ዶሮዎቹን በእንጨት ላይ ቁልቁል አንጠልጥሎ በደጇ አለፈ።

«ታንጉት! ያንቺንም አምጪያቸው፣ አብሬ ልሽጥልሽ!»

«የኔዎቹ ደህና ናቸው፣ አያ ቸኮል።»

«ዛሬ ደህና ናቸው። ነገ ቢሞቱብሽስ? ቀብረሽ ተዝካር ልታወጪላቸው ነው?»

ሳቀ። ሲስቅ አሳለው። እያሳለ ሄደ።

ታንጉት አመነታች። እውነቱን ነው እንዴ? አለች በልቧ። ወደ ጓሮ ዞራ እጇን ወደ ቄቦቹ ስትዘረጋ፣ ከቆጡ ላይ ድምፅ ሰማች።

«ተዪ!»

ዞር ብትል ሰው የለም። ገብስማ ብቻ ናት።

«ተዪ አልኩሽ። ያኔ ከሽለምጥማጥ አፍ አውጥተሽኛል። እንቁላል ሲነጥፍብኝ አላረድሽኝም። ስለዚህ ዛሬ እናገራለሁ። ከክንፌ ሥር አንድ ላባ ንቀዪ። ዓይንሽ ላይ አድርጊውና አያ ቸኮልን እዪው።»

ታንጉት ላባውን ነቀለች። ዓይኗ ላይ አድርጋ መንገዱን አየች።

በአያ ቸኮል ጫንቃ ላይ አንድ ነገር ተቀምጧል። በሬ ያክላል። አፉ እንደ ስልቻ ሰፊ ነው። እጆቹ እንደ ሐረግ አንገቱ ላይ ተጠምጥመዋል። ከወገቡ በታች ግን ባዶ ነው። እግር የለውም። አያ ቸኮል ክብደቱ እንኳ አልተሰማውም። እያፏጨ ይሄዳል።

«እግር የለሹ ነው» አለች ገብስማ። «አንድም ቀን በራሱ ሄዶ አያውቅም። ሰው ይሸከመዋል። ዶሮ ይሸከመዋል። አርባ ቀን አዲስ ቤት ካልገባ ግን ይሟሽሻል።»

ታንጉት ዶሮዎቿን አልሸጠችም። ላባውን ፀጉሯ ውስጥ ሻጠችው።

አያ ቸኮል ከገበያ ሲመለስ ያ ነገር አሁንም ጫንቃው ላይ ነበር። ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። ሚስቱም ተከተለችው። ቤታቸው ወና ሆነ።

አንድ ቀን ከታንጉት ቄቦች አንዷ በአጥር ሾልካ፣ የአያ ቸኮልን ጓሮ ስትጭር ዋለች። ስትመለስ ብቻዋን አልነበረችም። እግር የለሹ በጀርባዋ መጥቶ፣ በሩ አጠገብ ካለው አጥር ላይ ወጣ።

በዚያው ቀን ከወንዙ ማዶ እልልታ ተሰማ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ሰባት። ወንድ ልጅ ነው።

«ታንጉት ሆይ!» አለ አንድ ድምፅ ከማዶ። «እናኑ በሰላም ተገላገለች! ዶሮሽን ይዘሽ ነይ!»

ታንጉት በደስታ የሰባችውን ቄብ ብድግ አደረገች። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ በሩ ሮጠች። እንደው ልቧ ፈራና ላባውን ዓይኗ ላይ አደረገችው። እግር የለሹ ከአጥሩ ላይ ሆኖ ፈገግ አለ።

«እንኳን ልጅሽን ማርያም ማረችልሽ» አላት። «እንሂድ እንጂ።»

ታንጉት ቄቧን አስቀመጠች። ወደ ወንዙ ዞራ ጮኸች።

«አልመጣም!»

«ምን?»

«አልመጣም በሏት!»

ከማዶ አንዲት ሴት፣ «ምን ዓይነት እናት ናት!» ስትል ተሰማ።

እግር የለሹ ሳቀ። «አትልፊ። አንቺ ብትቀሪ ነገ አማችሽ ልየው ሊወስድሽ ይመጣል። በዚህ አጥር ሥር ያልፋል። ትከሻው ላይ ዘፍ እላለሁ። የአራስ ሥጋ ይጥመኛል። የጨቅላም ይጥመኛል።»

ታንጉት ወደ ቆጡ ሄደች።

«ገብስማ፣ ምን ይሻለኛል?»

ገብስማ አንድ ነገር ብቻ አለች። «ዶሮ ቅርጫት ውስጥ ከገባ አገር አያይም።»

ታንጉት አሰበች። ተነሣች። ሦስት እንስራ ውኃ ቀድታ ሁለቱን ቤት አስገባች፣ አንዱን ደጅ ተወችው። ጭቃና እበት ለውሳ ከበሩ ኋላ ከመረች። ዶሮዎቹን ሁሉ ቤት አስገባች። ከዚያ ትልቁን የዶሮ ቅርጫት ይዛ ወደ አጥሩ መጣች።

«ልየውን እስከ ነገ ምን አስጠበቀህ?» አለችው። «ልጄ ናፍቃኛለች። ዛሬውኑ አሻግርሃለሁ። ሰው ግን እንዳያይህ ግባና ልሸፍንህ።»

እግር የለሹ ሆዳም ነው። ሆዳም አይጠይቅም። እጁን ሰብስቦ፣ ሆዱን አጥፎ ገባ። ታንጉት በነጠላዋ ሸፈነችው። ቅርጫቱን ተሸክማ መሄድ ጀመረች። የሄደችው ግን ወደ ወንዙ አይደለም። ቤቷን ትዞር ጀመር።

መጀመሪያ የፍግ ክምሩ ላይ ወጣች። «አሁን ዳገት ነው» አለች።

«ደረስን?»

«አልደረስንም።»

ቀጥላ ቦዩ ውስጥ ወረደች። «አሁን ቁልቁለት ነው።»

«ደረስን?»

«አልደረስንም።»

ከዚያ እንስራውን ገልብጣ ውኃውን በእግሯ አንቦጫረቀች። «አሁን ወንዙ ነው። ቀዝቃዛ ነው።»

«ደረስን?»

«ደረስን።»

ቤቷ ገባች። በሩን ዘጋች። ጭቃውን አንስታ መመረግ ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አላት ከቅርጫቱ ውስጥ።

«የአራስ ቤት አይደል? ነፋስ ከገባ ምች ይመታታል። ቀዳዳውን ልድፈን።»

«ደግ። ድፈኚ። ጥሩ እናት ነሽ።»

በሩን ደፈነች። መስኮቱን ደፈነች። ለአየር አንዲት ስንጥቅ ብቻ፣ ጣት የምታስገባ፣ ግድግዳው ላይ ተወች። ከዚያ ነጠላውን ገለጠች። እግር የለሹ ወጣ። ወዲያ አየ። ወዲህ አየ።

«አራሷ የታለች?»

«ማዶ ናት።»

«እኛስ?»

«እኛ ወዲህ ነን።»

ሲጮህ ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። «ክፈቺ! አንቺ ሞኝ!»

«ሞኝ የያዘውን አይለቅም» አለች ታንጉት። እግሯን አጥፋ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ልጆች፣ አርባ ቀን ረጅም ነው። በጨለማ ደግሞ ይረዝማል። ታንጉት ቆሎዋን በእፍኝ፣ ውኃዋን በኩባያ ለካች። እግር የለሹ መጀመሪያ ቄቦቹን በላ። ለእናኑ የሰባችውንም በላ። ከዚያ ቀዩ አውራ ዶሮ አንድ ማለዳ ሳይጮህ ቀረ። ታንጉት እየቆፈረች፣ በድናቸውን አመድ እያለበሰች ጓዳዋ ውስጥ ቀበረችው። ገብስማን ግን ቀምሶ ተፋት። ሥጋዋ እንደ ሥር ጠንክሯል።

ውጭ ቀብር ቆመ። ለምን እንደቆመ ማንም አላወቀም።

በመጀመሪያው ሳምንት ልየው መጣ። በሩን ደበደበ።

«እማማ፣ ምን ነካዎት? ልጅዎ እኮ እያለቀሰች ነው!»

«በሩን አትንካ። ተመለስ። ወንዙ ላይ ታጠብ።»

«ምን ልበላት?»

«እናትሽ ግትር ናት በላት። እሱን ታውቃለች።»

ያን ጊዜ እግር የለሹ ፍየል አክሎ ነበር።

በሃያኛው ቀን ሽማግሌዎች መጡ። ከቤቱ ዞር ብለው ቆሙ። «ታንጉት፣ ከልጅሽ ምን አጣላሽ? እናስታርቃችሁ» አሉ።

«አልተጣላንም፣ አባቶቼ። ሂዱልኝ።»

«ልቧ ደነደነ» ተባባሉና ሄዱ። ያን ጊዜ እግር የለሹ እንቁላል አክሎ ነበር። ግን ራበው። የቀረው ታንጉት ናት። በዚያው ቀን ደረቷ ላይ ወጣ።

ታንጉት በእሳት ነደደች። እንስራው ጋ መድረስ አቃታት። ገብስማ በመንቁሯ ውኃ እየቀዳች ከንፈሯን አረጠበችላት። ሲበርዳት ሆዷ ላይ ተኛችላት። ስንት ቀን እንደሆነ ታንጉት አታውቅም። አንድ ቀን ግን ዓይኗን ገለጠች። አጥንትና ቆዳ ሆናለች። አልሞተችም።

በአርባኛው ቀን እናኑ መጣች። ክርስትና አስነስታ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መምጣቷ ነው። ልጁ ጀርባዋ ላይ ነበር።

«እማ» አለች በስንጥቁ። «አርባዬ ሞላ። ሰው ሁሉ መጣ። አንቺ ብቻ የለሽም። በሩን ክፈቺልኝ።»

«አልከፍትም፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ጣትሽን ስጪኝ። ጣትሽን ብቻ።»

እናኑ ጣቷን በስንጥቁ አስገባች። ታንጉት አየችው። ልጅ ሳለች ማጭድ የቆረጠው ጣት ነው። ሳታስበው እጇን ዘረጋች። ሊነካኩ ትንሽ ሲቀር፣ ላባው ከፀጉሯ ወርዶ ዓይኗ ላይ ወደቀ።

እግር የለሹ በራሷ ጥፍር ላይ ተቀምጧል። ጤፍ አክሏል።

«ስጫት እንጂ» አላት በቀጭን ድምፅ። «እናት አይደለሽም?»

ታንጉት እጇን ሰበሰበች።

«እማ?»

ታንጉት ካላስከፋቻት እንደማትሄድላት አወቀች።

«ሂጂ ከዚህ!» አለች። «እኔ ልጅ የለኝም!»

ጣቱ ከስንጥቁ ወጣ። የእግር ኮቴ ተሰማ። ራቀ። ጠፋ።

«እጅሽን አምጪ» አለች ገብስማ።

«ትሞቺብኛለሽ።»

«አሁን ነፋስ እንኳ ይሸከመዋል። ስንጥቁ ክፍት ነው። አምጪ።»

ታንጉት ጣቷን ዘረጋች። ገብስማ አነጣጠረች። ቀጭ አደረገችው። ዋጠችው።

«እንዳትበዪኝ» አለች። «ላባዬን እንኳ ለትራስ እንዳታስቀሪ። አርቀሽ ቆፍሪ። አመድ አልብሺኝ።» ከዚያ አንገቷን ደፋች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

ታንጉት እስከ ወገቧ ድረስ ቆፈረች። ገብስማን ቀበረቻት። ላባውንም አብራ ቀበረችው። አለቀሰች። ለማንኛውም ብላ ሦስት ቀን ጨመረች። ከዚያ በሩን ሰበረች። ገላዋን፣ ልብሷን በእንዶድ አጠበች። ምርኩዝ ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች።

እናኑ ማዶ ውኃ ትቀዳ ነበር።

«እናኑ!» አለች ታንጉት።

እናኑ ቀና አለች። እናቷን አየች። ተቆጥታ ጀርባዋን ሰጠቻት።

ልጁ ግን በእናኑ ጀርባ ላይ፣ በአንቀልባ ታዝሎ ነበር። ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ነበር። ዓይኑም ክፍት ነበር። ታንጉት የልጅ ልጇን ያን ጊዜ አየችው። ጉንጩ ሞልቷል። ደህና ነው።

ምርኩዟን ተደግፋ እዚያው ቆመች። ዳገቱን ወጥተው እስኪጠፉ ድረስ አየችው።

ታረቁ ወይ ትሉኛላችሁ። ታረቁ። ቶሎ ግን አይደለም። ከርሞ ነው።

እና ልጆች፣ በሽታ እግር የለውም። እግሩ እኛ ነን። የታመመ ዶሮ ገበያ አይወጣም፤ የሞተም ይቀበራል። የሚወዱትን ሰው ደግሞ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ፣ ከማዶ ሆነው ይወዱታል።

ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌን በቆሎ አብሱልኝ። እጃችሁን ግን መጀመሪያ ታጠቡ።