ትርንጎና የድባቡ «ነገ ና»

ተረት ተረት ብዬ ብጀምር «የላም በረት» ልትሉኝ አፋችሁን ከፍታችኋል። ዝጉት። የኔ ተረት ላም የላትም። ድመት ግን አላት፣ አይጥ አላት፣ ኮምፒዩተር አላት፤ እሱ ይበቃችኋል።

ከደሴ አለፍ፣ ከወልዲያ መለስ ባለች አንዲት ከተማ ትርንጎ የምትባል ቅቤ ነጋዴ ነበረች። የከተማው ኮሌጅ «ከሰዓት በኋላ ለወደደ ሁሉ ኢንተርኔት አስተምራለሁ» ሲል ጊዜ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደችና ተመዘገበች። ጎረቤቶቿ «ቅቤው በኢንተርኔት ሊቀልጥ ነው?» እያሉ አሾፉባት። እሷ እቴ! የሄደችው በልጇ ነገር ነው።

ልጇ ናሁሰናይ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ተቀጥሮ ከሄደ ወዲህ ሁለት ፋሲካ አልፏል፤ ሁለቱንም አልመጣም። «ሥራ በዛብኝ እማዬ፣ ለሚመጣው» ይላታል በስልክ። ኢንተርኔት ልማር ነው ስትለው ደግሞ በሳቅ ፈረሰ።

«እንዲያውም ስሚ! ኮርሱ ሳያልቅ አንዲት ኢሜይል ከላክሽልኝ፣ አንቺን ይንሳኝ፣ ሥራውን ጥዬ ለፋሲካ እመጣለሁ። ካልላክሽ ግን እንደ አምናው ዶሮዬን እዚሁ እበላለሁ።»

እሱ ቀለደ። እናት ግን ቀልድ ታውቃለች? ቃል አድርጋ ያዘችው።

ትምህርቱ አንድ ኮምፒዩተር ለሁለት ሰው ነው። ለትርንጎ የደረሷት ሐጂ ኑሩ ናቸው፤ የጨርቅ ነጋዴ፣ መካን በቀጥታ ሥርጭት ካላየሁ ብለው የተመዘገቡ ሽማግሌ። የመጀመሪያው ቀን መምህር ጥላዬ «ማውዝ ማለት አይጥ ማለት ነው፣ እያንዳንዳችሁ አጠገብ አንድ አንድ አለ» ሲል ትርንጎ ሁለት እግሯን ወንበር ላይ ሰቀለች። ሐጂም ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ወዲያ ግን ሁለቱ ተጋግዘው፣ እሷ ስትጽፍ እሳቸው ፊደል ሲፈልጉ፣ እሳቸው ሲጽፉ እሷ መነጽራቸውን ስትይዝ፣ ምን አለፋችሁ፣ ተማሩ።

የኮርሱ መጨረሻ ቀን ደረሰ። የዚያን ቀን ትምህርት ኢሜይል መላክ ነው፤ ከዚያ ክፍሉ ለበዓል ይዘጋል። ናሁሰናይም ጠዋት ደውሎላታል። «የነገው አውቶቡስ ትኬት የሚሸጠው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። እስከዚያ ካላየሁ፣ ቻው እማዬ!»

ትርንጎ ኮምፒዩተሯን ብትነካው አልከፈትም አለ። ፓስወርድ አምጪ አለ። ትናንት እንዲህ ያለ አመል አልነበረበትም! ለካስ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ አጥር ተደግፎ ኢንተርኔቱን ሲግጠው ጊዜ፣ የክፍሉ ቴክኒሺያን ድባቡ ጠዋት ቁልፍ አበጅቶለታል።

ድባቡ ጥሩ ሰው ነው፤ ምላሱ ግን ቆጣቢ ናት። አንዷን ቃል ሁለት ቢያደርጋት የሚቀጣ ይመስል። ሽቦ ውስጥ አቀርቅሮ አገኘችው።

«ድባቡ፣ የኔ ጌታ፣ ፓስወርዱን ስጠኝ።»

«ነገ ና» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ኧረ ዛሬ ነው የምፈልገው!»

«ነገ ና።»

ትርንጎ ደሟ ፈላ። «እናትህ በምሆን ሴትዮ፣ ነገ ይምጡ ቢቀር ነገ ነይ አይባልም? ና? ጢም አለኝ እንዴ?» ብላ ወጣች። ድባቡ ግራ ገብቶት ወደ ሽቦው ተመለሰ። ተማሪው ሁሉ ከኋላዋ ግር ብሎ ወጣ፤ የተዘጋው በሁሉም ላይ ነውና።

ድባቡ ፓስወርድ አልሰጥም አለ፣ ኮምፒዩተር አልከፈትም አለ፣ ትርንጎ ለልጇ አልላከች፣ ልጇ ለፋሲካ ሊቀር ነው!

መምህር ጥላዬ ጋ ሄደች። «መምህር፣ ድባቡን ተናገርልኝ፤ ፓስወርድ ከልክሎኛል።»

መምህሩ ጆሮውን አከከ። «እትዬ ትርንጎ፣ እኔም አላውቀውም። ድባቡን ደግሞ አልናገርም። ላፕቶፔ ታማ እሱ እጅ ላይ ናት፤ ካስቀየምኩት እዚያው ትቀበራለች።»

መምህሩ ድባቡን አልናገርም አለ፣ ድባቡ ፓስወርድ አልሰጥም አለ፣ ኮምፒዩተር አልከፈትም አለ፣ ትርንጎ ለልጇ አልላከች፣ ልጇ ለፋሲካ ሊቀር ነው!

ዲኑ ጋ ሄደች። ዲኑ አቶ በላቸው ትልቅ ወንበር ላይ ትንሽ ሆነው ተቀምጠዋል። «ጌታዬ፣ መምህሩን ይዘዙልኝ፤ ድባቡን አልናገርም አለ።»

«መምህሩን አላዝም» አሉ ዲኑ፣ በሩን እያዩ። «ለበዓሉ የማደርገውን ንግግር የሚጽፍልኝ እሱ ነው። ከተቆጣ ሕዝብ ፊት ምን ልል ነው? እንኳን አደረሳችሁ ብዬ ልቀመጥ?»

«ቢቀመጡስ!» አሉ ሐጂ ኑሩ ከኋላ፤ ተማሪው ሳቀ፤ ዲኑ ግን ንቅንቅ አላሉም።

ዲኑ መምህሩን አላዝም አሉ፣ መምህሩ ድባቡን አልናገርም አለ፣ ድባቡ ፓስወርድ አልሰጥም አለ፣ ኮምፒዩተር አልከፈትም አለ፣ ትርንጎ ለልጇ አልላከች፣ ልጇ ለፋሲካ ሊቀር ነው!

ዲን የሚፈራው ሚስቱን ነው። ይህን እኔ አልነገርኳችሁም። የዲኑ ሚስት ወይዘሮ ዘርትሁን ከቢሮው አጠገብ ያለውን የመምህራን ክበብ ይዛ ታሠራለች። ትርንጎ ጓዳዋ ድረስ ገባች።

«ዘርትሁን እህቴ፣ ባልሽን አንድ በይልኝ። መምህሩን አላዝም አለ።»

«ባሌን አላነጋግርም!» አለች ዘርትሁን ማማሰያዋን ይዛ። «ጓዳዬ አይጥ ገብቶ ዱቄቴን ጨረሰው። ቀዳዳውን ድፈንልኝ ስለው ነገ፣ ነገ፣ ነገ! አይጡ ከዚህ ቤት ሳይወጣ ከሱ ጋር አንዲት ቃል ብለዋወጥ፣ ምዬ ተገዝቻለሁ!»

«ከቤት በምን ትነጋገራላችሁ ታዲያ?»

«በልጆቹ።»

ትርንጎ ወደ ውጭ ብታይ ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። ወንድ ልጅ ወልዶ ፋሲካን ለብቻ መግደፍ፣ እንቁላሉን ለብቻ መላጥ፣ እንዴት ክፉ ነገር ነው! አምና አንድ ሳሕን ለሱ አቅርባ፣ መልሳ ያነሳችው ትዝ አላት። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል ብላ፣ ድመቷን ፍለጋ ሄደች።

የክበቡ ድመት ውሮ ትባላለች። ምድጃው አጠገብ ጀርባዋን ለዓለም ሰጥታ ተኝታለች። ጾሙ ከገባ ክበቡ ሽሮ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ምስር ነው፤ ውሮን ማንም ሳያማክራት አብራ ጿሚ ሆናለች። አይጡ እፊቷ ጭራውን እየጎተተ ቢያልፍ አንድ ዓይኗን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

«ውሮ፣ እባክሽ አይጡን አሳድጂልኝ!»

«ሚያው» አለች ውሮ። ትርጉሙም፣ ያለ ወተት አይጥ አላሳድድም ነው። አልገባኝም የሚል ካለ ድመት አሳድጎ አያውቅም።

አሁን ተማሪው ሁሉ በአንድ አፍ ሆኖ፣ እያጨበጨበ አዜመ፦ ድመት አይጥ አላሳድድም አለች፣ ዘርትሁን ባሏን አላነጋግርም አለች፣ ዲኑ መምህሩን አላዝም አሉ፣ መምህሩ ድባቡን አልናገርም አለ፣ ድባቡ ፓስወርድ አልሰጥም አለ፣ ኮምፒዩተር አልከፈትም አለ፣ ትርንጎ ለልጇ አልላከች፣ ልጇ ለፋሲካ ሊቀር ነው!

«እናንተ ታጨበጭባላችሁ!» አለች ትርንጎ ተናዳ። «በሰሞነ ሕማማት እኔ ወተት ከየት አመጣለሁ? ቤቱ ሁሉ ጿሚ፣ ኮሌጁ ሁሉ ጿሚ!»

ያኔ ሐጂ ኑሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከጋቢያቸው ሥር አንዲት ፔርሙዝ አወጡ። «ልጄ ለጨጓራህ ብላ የያዘችልኝ ወተት ነች። የኔ ጾም እንደሁ ቀኑ ገና ነው።»

«ሐጂ፣ እርስዎስ?»

«የኔ ጨጓራ አንድ ቀን ቢጮህ ምን ይላል? ልጅሽ ይምጣልሽ እንጂ።»

ወተቱን በሳሕን ቀዱት። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ! ውሮ ወተቱን ጠጣች፣ ጢሟን ላሰች፣ ተንጠራራች፤ ተንጠራርታም አልቀረች፣ አይጡን አሳደደች። አይጡ በጓዳው፣ በጠረጴዛው ሥር፣ በመምህር ጥላዬ እግር መካከል («መምህር፣ ይሄኛውን ነው ጠቅ አድርጉ ያሉን?» አለ አንዱ) ሾልኮ አጥሩን ዘሎ ጠፋ። ዘርትሁን እልል ብላ ወደ ባሏ ቢሮ ሮጠች። «አንተ በላቸው!» ብላ ባሏን አነጋገረች። ድምፅዋን የናፈቁት ዲኑ ከወንበራቸው ተስፈንጥረው መምህሩን አዘዙ። መምህሩ ላፕቶፑን በልቡ ተሰናብቶ ድባቡን ተናገረ። ድባቡም ሽቦውን እንደያዘ መጣና፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ አፉን ከፈተ።

«ነገ ና» አለ።

ወይ ጉድ! ሁሉም ክው አለ።

«ማነው ነገ የሚመጣው? ዲኑ ነኝ እኮ! አሁኑኑ ስጣት!» አሉ አቶ በላቸው።

«ነገ ና።»

«ዛሬ ነው የምልህ!»

«ዛሬ አይደለም ጌታዬ። ነገ ነው። ነገ ና።»

«እሰይ!» አለች ዘርትሁን። «እኔን ነገ ነገ ስትለኝ ለከረምከው፣ እንኳን አገኘህ!»

ዲኑ ቀሉ፣ መምህሩ ገረጣ፣ ተማሪው በሳቅ ተንፈራፈረ። ትርንጎ ግን አልሳቀችም። ድባቡን ትኩር ብላ አየችው።

«ቆይ እስቲ» አለች። «እኔን ነገ ና አለኝ። አለቃውንም ነገ ና አላቸው። ለሴት ነይ ሳይል፣ ለአለቃ ይምጡ ሳይል፣ ለሁሉም ና! ይህን ያህል ባለጌ ሰው በአገራችን የለም። ይሄ ልጅ የሚጠራው ሰው የለም፤ ድባቡ፣ ፓስወርዱ ራሱ ነው እንዴ?»

ድባቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ታዲያ ሌላ ምን ልበል? ፓስወርዱን ጠየቃችሁኝ፣ ነገርኳችሁ። ነገ ና። በፈረንጅ ፊደል፣ አንድ ላይ ተገጥሞ። አዘውትሬ የምናገረው ስለሆነ አይጠፋኝም ብዬ ነው።»

ከዚያ ሩጫ! ሐጂ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ትርንጎ ነጠላዋን አሸርጣ፣ ዲኑም ሳይቀሩ ተከትለው። ትርንጎ በአንድ ጣቷ፣ ተማሪው ከኋላ እየጮኸላት፣ ኤን ብላ፣ ኢ ብላ፣ ጂ ብላ፣ ደግሞ ኢ፣ ደግሞ ኤን፣ በኤ ጨረሰች። ኮምፒዩተሩም እሺ ብሎ ተከፈተ።

መምህሩ ኢሜይሉን ከፍቶ የልጇን አድራሻ ሞላላት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአሥራ አንድ ጥቂት ነው የቀረው። ትርንጎ ልትጽፍ ያሰበችው ስንት ነበር! ስለ ዶሮው፣ ስለ ጎረቤቷ ሠርግ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለዚያ ስላነሳችው ሳሕን። ጣቷ አየር ላይ ቀረ። ከፈረንጅ ፊደል ሁሉ መኖሪያውን በእርግጥ የምታውቀው አሁን የነካካችውን ብቻ ነው።

«ምን ልትጽፊ ነው? ቶሎ በይ እንጂ!» አሉ ሐጂ ኑሩ።

ትርንጎ ፈገግ አለች። «ይቺ ና ዛሬ ቀኑን ሙሉ ወንድ ስትፈልግ ውላለች፤ ለባለቤቷ ልላካት» አለችና፣ እነዚያኑ ፊደላት ደግማ ነካች፣ አይጧን ጠቅ አደረገች።

ነገ ና።

ድባቡ እንኳ ሽቦውን አስቀመጠ። ቆየት ብሎ ኮምፒዩተሩ ቲንግ አለ። መምህር ጥላዬ ጎንበስ ብሎ ጮክ አድርጎ አነበበላት። «እማዬ! በእውነት አንቺ ነሽ? ትኬት ቤት እየሮጥኩ ነው!»

ትርንጎ አለቀሰች፤ ምን ይደረጋል፣ ደስታም ያስለቅሳል። ዘርትሁን አብራት አለቀሰች፤ ዲኑም መዶሻ ፍለጋ ሄዱ፣ ቀዳዳውን ዛሬውኑ ሊደፍኑ።

ድመት አይጥ አሳደደች፣ ዘርትሁን ባሏን አነጋገረች፣ ዲኑ መምህሩን አዘዙ፣ መምህሩ ድባቡን ተናገረ፣ ድባቡ ፓስወርድ ሰጠ፤ ያውም ከመጀመሪያው ሰጥቶ ነበር! ኮምፒዩተር ተከፈተ፣ ትርንጎ ለልጇ ላከች። በማግስቱም ናሁሰናይ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከአውቶቡስ ወረደ።

«ምነው እማዬ፣ ሰላምታ እንኳ የለው፣ ነገ ና ብቻ?» አላት እያቀፋት።

«ሰው እንዲህ ሲለኝ ውሎ፣ አንተ ላይ ተወጣሁት» አለችው። የፋሲካ ለትም ሳሕኗን አቀረበች፤ አላነሳቻትም።

እኔ ተረቴን ጨርሻለሁ። አፌን የምታብሱበትን ዳቦ አምጡ፤ ብቻ አደራችሁን፣ ነገ ና እንዳትሉኝ።