ቦታውን የለቀቀ ችካል

አንድ ገበሬ ነበረ። አትቆጪ ልጄ፣ ጥያቄሽን አልሸሸሁም። «እናንተ ሐኪሞች አባቴ የሆድ ምስል በተነሱ ቁጥር ‹ለውጥ የለውም› ስትሉን ከርማችሁ፣ ዛሬ የሽንት ፊኛ ካንሰራቸው ስር ሰደደ የምትሉኝ እንዴት ነው?» አይደል ያልሽኝ? መልሱ እዚሁ ውስጥ ነው፤ ስሚኝ።

ገበሬው ከማሳው ግርጌ ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር ነበረበት። ከማሳው ራስጌ የእናቱ ጎጆ አለች። ሰነፍ አልነበረም፤ እንዲያውም ጥንቁቅ ነው። ቦረቦሩ አፍ ላይ ችካል ተክሎ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት እየሄደ ያያል። አፈሩ ተንዶ ችካሉ ሲዘምም፣ እንዳይወድቅበት ነቅሎ ወደ ጎጆዋ በኩል ፈቀቅ አድርጎ ይተክለዋል። «ስንዝር ቢሞላ ነው» ይልና ወደ ሥራው ይመለሳል።

እናቱ ክረምት በገባ ቁጥር ትጠይቀዋለች።

«ልጄ፣ ልውጣ ይሆን? ውሃው ቀርቦ ይሰማኛል።»

«ኧረ እማዬ! ምን አስጨነቀሽ? ከችካሉ መች አለፈና!»

እውነቱን ነው፤ ከችካሉ አልፎ አያውቅም። እሷም ልጇን አምና ትቀመጣለች።

አንድ ቀን ዶፍ ወረደ። ገበሬው ሲደርስ ጎጆዋ የለችም። እናቱም የለችም። «ወይኔ እናቴ!» እያለ ደረቱን ሲደቃ፣ መጀመሪያ ችካሉን የተከለበትን ቦታ በዓይኑ ፈለገ። ማዶ ካለው ዋንዛ ትይዩ ነበር። እዚያ አሁን መሬት የለም። ከላይ አየር ነው፣ ከታች ገደል።

የአባትሽን ምስል ያዩት ሐኪሞችም ሰነፎች አልነበሩም፣ ልጄ። ሁሉም አዲሱን ምስል ከባለፈው ጋር ብቻ አስተያዩት፤ ልዩነቱ ለዓይን አይሞላም ነበር። ችካሉን እየነቀሉ ተከሉት ማለት ነው። እኔ ዛሬ ዕጢውንና የፊኛውን ግድግዳ በኮምፒውተር አስለክቼ ከመጀመሪያው ምስል ጋር አስተያየሁት። ግድግዳውን አልፎ ወጥቷል። በቀዶ ጥገና የምናወጣበት ጊዜ አመለጠን። 

መድኃኒቱን እንጀምራለን። መያዝ አለመያዙን የምንለካው ሁልጊዜ ከዛሬው ምስል ተነስተን ነው፤ ይሄን ችካል ማንም አይነካውም። ምን ያህል ጊዜ ይሰጣቸዋል ብለሽ አትጠይቂኝ፣ አላውቅም።

የሴትዮዋ ጎጆ ሄዳለች። አባትሽ ግን ይኸው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው እየጠበቁሽ ነው። ስትወጪ «ምን አሉሽ?» ይሉሻል። እባክሽ ልጄ፣ «ለውጥ የለውም» አትበያቸው።