ለጣት መልስ የሚሰጥ ቆዳ

አንድ ቆዳ የሚያለፋ ሰው ነበረ። ፀጉሩን ከላይ፣ ሞራውን ከታች ፍቆ ይጥልና የቀረውን በቅባት አሽቶ፣ ረግጦ እንደ ጨርቅ ያለሰልሰዋል። ስለ ቆዳ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም ይል ነበር፤ በሰፈሩ ደግሞ እውነቱን ነው።

አባቱ ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ አልጋ ላይ ዋሉ። በሦስተኛው ሳምንት ዳሌያቸው ላይ፣ አጥንቱ ወጣ ካለበት ቦታ፣ ሳንቲም የሚያህል ቅላት አየ። አልደነገጠም። ቆዳ የሚለሰልሰው በመታሸት ነው ብሎ ጠዋትና ማታ በዘይት አጥብቆ ያሸው ጀመር።

«አንተ ልጅ፣ እኔንም አጎዛ ልታደርገኝ ነው?» ይሉታል አባቱ። ቅላቱ ግን ሰፋ።

አንድ ቀን ቤት ለቤት የምትዞር ነርስ መጥታ ሲያሽ አገኘችውና እጁን ያዘች። ማሸቱ ከሥር ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደሚጎዳ፣ ቦታው ከተከፈተ እስከ አጥንት ሊዘልቅና አባቱን ሊያሳጣው እንደሚችል ነገረችው። አሁን ሰውየው ደነገጠ። ረፍዶብኝ ይሆን ብሎ ጠየቃት።

«ጣትህን ቀስ ብለህ ጫን። አሁን አንሳ።»

ጣቱ ያረፈበት ነጣ። ከዚያ ቅላቱ ከዳር ወደ መሀል እየሞላ ተመለሰ።

«ደሙ ገና ይመላለሳል» አለችው። «ሳይነጣ ቢቀር ኖሮ ከሥሩ ተጎድቷል ማለት ነበር።»

ሰውየው እንደገና ሊነካው ፈልጎ አልደፈረም። በሠላሳ ዓመት ስንት ቆዳ በእጁ አልፏል፤ ለጣቱ መልስ የሰጠው አንድም አልነበረም። እሱ ከፀጉሩ ጋር ፍቆ የሚጥለው ስስ ሽፋን እዚህ ተዋሲያን እንዳይገቡ ይከላከላል፤ የሚጥለው ሞራ አጥንቱን አቅፎ ይዟል።

ማሸቱን ተወ። አባቱን በየሁለት ሰዓቱ እያገላበጠ፣ የአንሶላውን እጥፋት እያቃና፣ ገላቸውን አጥቦ ሳይፈትግ እያደረቀ ሰነበተ። ቅላቱም ጠፋ።

የነርሶች አስተማሪዋ ሲስተር አስካለ ይህን ተርከው ሲጨርሱ ወደ ተማሪያቸው ወደ ይሄይስ ዞሩ።

«ቁስል የሌለበትን በሽተኛ ለምን አገላብጣለሁ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ያ ሰው በአባቱ ገላ ላይ ያየው የሚያለፋውን ዓይነት የሞተ ቆዳ ነበር፤ አንተም ገና ያልቆሰለው ገላ ዝም ያለ ይመስልሃል። ገላ ግን ሳይቆስል ይናገራል፤ ጠይም ገላ ላይ ቅላቱ ባይታይህ ሙቀቱን በእጅህ ጀርባ ትሰማለህ። ቁስሉን ከጠበቅህ የምትደርሰው ንግግሩ ካለቀ በኋላ ነው። በል፣ አራት ቁጥር አልጋ ላይ ያሉት እናት በአንድ ጎናቸው ከተኙ ሁለት ሰዓት ሞላቸው። እጅህን ታጠብና ግባ።»