አንጓች ያፈረችበት ትንሽ ኮምፒውተር

ጠጋ ጠጋ በሉ። የሚያስለው ይሳልና ከዚያ ጸጥ ይበል። እኔ «ልንገራችሁ?» ስል እናንተ «ንገሪን» በሉኝ።

ልንገራችሁ?

ንገሪን።

ድሮ ነው፤ ያን ያህል ድሮ ግን አይደለም። ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ በአንዲት ሞቃት የቆላ ከተማ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ ለሰው መጻፍ ነበር። ማመልከቻ ለሚፈልግ ማመልከቻ፣ ውል ለሚፈልግ ውል፣ የሠርግ ጥሪ ለሚፈልግ የሠርግ ጥሪ በኮምፒውተር ጽፋ፣ አትማ ትሰጣለች። ቢሮዋና ቤቷ አንድ ነበሩ፤ መሃላቸውን የሚለያቸው መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ ጠባብ ጠረጴዛ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ሁለት አልጋ። በአንዱ አልጋ አንጓች ትተኛለች። በሌላው የሟች ባሏ እናት፣ እማማ ትብለጥ ይተኛሉ።

እማማ ትብለጥ አልቃሽ ነበሩ። በዚያች ከተማ ሰው ሲሞት ሙሾ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ለሀብታሙም ለድሃውም የየራሱን ግጥም ያወጣሉ፤ የአንዱን ሟች ለሌላው ደግመው አያውቁም። ታዲያ አረጁ። ደረታቸው ታመመ፣ ትንፋሻቸው አጠረ። አንድ ቀን ምራታቸውን ጠሩና፣

«አንጓችዬ፣ እኔ ስሞት እነዚያ ሁሉ ሙታን ከእኔ ጋር ዳግመኛ ይሞታሉ። ጻፊልኝ» አሏት።

«እጽፍልዎታለሁ፣ እማማ።»

በዚያው ሰሞን ግን የአንጓች አሮጌ ኮምፒውተር አልነሳም አለ። እንደ ሣጥን የገዘፈ፣ ግራጫ ኮምፒውተር ነበር። ጠጋኙ መጥቶ አየውና «ዕድሜው ነው» አለ፤ የውስጡን ዕቃ ፈታትቶ ወሰደ፤ ባዶ ቀፎው ጠረጴዛው ሥር ቀረ። አንጓችም ሌላ ልትመርጥ ወደ ሱቅ ሄደች።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ኮምፒውተሮች ቆመው ነበር።

የመጀመሪያው ረጅም ነው፤ ሆዱ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይንቦገቦጋል። «እኔን ውሰጂ!» አላት። «ፊልም ብትሠሪ እችላለሁ፤ የሕንፃ ንድፍ ብታወጪ እችላለሁ። ጉልበቴን የሚያህል በዚህ ሱቅ የለም!»

«እኔ የምጽፈው ማመልከቻ ነው» አለች አንጓች። «የት ትቆምልኛለህ?»

«በሰፊ ጠረጴዛ ላይ።»

«ሰፊ ጠረጴዛ የለኝም» አለችና አለፈችው።

ሁለተኛው ስክሪኑና ሆዱ አንድ ላይ የተሠራ ነው፤ ሲያዩት እንደ መስታወት ያበራል። «እኔን ውሰጂ» አላት በለስላሳ ድምፅ። «እኔ ያለሁበት ቤት የገባ ሰው ዓይኑ ሌላ አያይም።»

«ስክሪንህ ቢሰበርስ?»

«ያኔ እኔም ስክሪኔም አብረን እንሰበራለን።»

አንጓች እሱንም አለፈችው።

ሦስተኛው ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ነበር። ከአንድ መጽሐፍ ብዙም አይበልጥም። ዝም ብሏል።

«አንተስ ለምን አትናገርም?»

«ትንሽ ነገር ሲጮህ ያስቃል ብዬ ነው» አላት።

«ምን ትችላለህ?»

«መጻፍ እችላለሁ፤ መደመር እችላለሁ፤ ማተሚያ ማዘዝ እችላለሁ። ፊልም አልሠራም። ያለሽን ስክሪን፣ ያለሽን ኪቦርድ አምጪልኝ፤ በሱ እሠራለሁ። ጥቂት መብራት፣ ጥቂት ቦታ ይበቃኛል።»

«ክፉ ጎንህንም ንገረኝ።»

ትንሹ ኮምፒውተር አልደበቀም። «ሆዴ ጠባብ ነው፤ ሙቀቴን የማኖርበት ቦታ የለኝም። ስለዚህ ሦስት ነገር እለምንሻለሁ። ነፋስ በሚያገኘኝ ቦታ አኑሪኝ። አቧራዬን ጥረጊልኝ። የምትሰጪኝንም ለእኔ ብቻ አትተዪው፤ በፍላሽ ገልብጠሽ ሌላ ቦታ አስቀምጪ። ታማኝ ነኝ፤ ግን ሟች ነኝ።»

ባለ ሱቁ ከኋላ ሆኖ፣ «እትዬ፣ ለእርስዎ ሥራ እሱ ይበቃል» አላት።

እሷም እሱን መረጠች። መልካም ምርጫ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ምርጫው መልካም ነበር።

መጀመሪያ ላይ ኑሯቸው ሰመረ። ትንሹ ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። አንጓች በየጠዋቱ በደረቅ ጨርቅ ታብሰዋለች። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲያልቅ እማማ ትብለጥ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ሙሾውን ይናገራሉ፤ እሷ ትጽፋለች።

«ይህ የማን ነው፣ እማማ?»

«የውሃ ቀጂዋ የሰገዱ ነው። ወንድም አልነበራት፤ እህት አልነበራት። እኔ ብቻ ነኝ ያለቀስኩላት።»

ትንሹም ሁሉን ይቀበላል፤ ሁሉን ያኖራል።

ከዕለታት አንድ ቀን አቶ ደምለው የሚባል የሥራ ተቋራጭ የውል ወረቀት ይዞ መጣ። ጠረጴዛውን ግራና ቀኝ አየና፣ «ኮምፒውተርሽ የት ሄደ?» አላት።

«ይኸውና።»

«ይቺ? ይቺ የምሳ ዕቃ?» አለና ሳቀ። «እኔ የያዝኩት ትልቅ ውል ነው፣ አንጓች። የሕፃን መጫወቻ ላይ አላስጽፍም።» ወጥቶ ወደ ሌላ ጸሐፊ ሄደ።

ቀጥላ ልጇን የምትድር ሴት መጣች። «በዚህች ነው የልጄን ጥሪ የምትጽፊው?» አለችና ፊቷን አጨማድዳ ተመለሰች።

ከእሷ ኋላ አንድ አስተማሪ መጣ። ትንሹን ኮምፒውተር አየ፣ አንጓችን አየ፣ ፈገግ አለ። ከሁሉም ያ ፈገግታ አቃጠላት።

ጠረጴዛው ሥር፣ በባዶው ቀፎ ውስጥ፣ ሦስት ክፉዎች ይህን ሁሉ ይሰሙ ነበር። አንዱ አቧራ ነው፣ አንዱ ሙቀት ነው፣ አንዷ አይጥ ናት።

አቧራ፣ «በአሮጌው ሆድ ውስጥ ተደላድዬ እኖር ነበር። ይህ ትንሽ ግን በየጠዋቱ በጨርቅ ያስባርረኛል» አለ።

ሙቀት፣ «ገና ስገባ በመስኮቱ ያስወጣኛል» አለ።

አይጥ ጢሟን አሻሸችና፣ «ለምን ታማርራላችሁ? እኔ ያረገዝኩ እናት ነኝ፤ ለልጆቼ የሞቀ ቤት እሻለሁ። ሴትዮዋ ራሷ ታምጣልን» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ወጥታ ከአንጓች እግር ሥር ተቀመጠች።

«አንጓች፣ ሰው የሚያየው ሣጥኑን ነው።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«የአሮጌውን ቀፎ ጠረጴዛው ላይ አውጪው፤ ወልውለሽ አሳምሪው። ትንሹን ሆዱ ውስጥ አስገቢው። ሰው ትልቁን ያያል፤ ትንሹ ይሠራል። ማን ያውቃል?»

«ነፋስ ያጣል።»

«በኋላው ቀዳዳ አለ» አለች አይጥ። ቀዳዳው የሷ መግቢያ ነበር።

አንጓች አሰበች። አፈረችም። ቀፎውን አንስታ ጠረጴዛው ላይ አቆመች፤ ትንሹን ከመስኮቱ ሥር አንስታ በሞተው ኮምፒውተር ሬሳ ሆድ ውስጥ አጋደመችው፤ ክዳኑን ዘጋች። በላዩም ነጭ ዳንቴል አለበሰችው።

በማግስቱ አቶ ደምለው ተመለሰ። «አሁን ገና ቢሮ መሰለ!» አለ። ሌሎቹም መጡ። ሥራ በዛ።

ትንሹ ከውስጥ ተጣራ። «አንጓች፣ ነፋስ አጣሁ።»

«ይቺን ውል ልጨርስና» አለችው።

ደግሞ ተጣራ። «አንጓች፣ አቧራው አፍንጫዬን ደፈነው።»

«ሰው አለ፤ አሁን ከፍቼ ልዋረድ?» አለችው።

ለሦስተኛ ጊዜ ተጣራ። «የፍላሹ መሰኪያ ከቀፎው ቆርቆሮ ኋላ ቀርቷል። የእማማን ሙሾ ሌላ ቦታ አልገለበጥሽም።»

«ነገ» አለችው።

የቤቱ ድመት መስኮቱ ላይ ተኝታ ነበር። ቀና ብላ፣ «አንጓች፣ ሣጥኑ ውስጥ አንድ ነገር እያቃሰተ ነው» አለቻት።

«ዝም በይ፤ ደንበኛ ይሰማል።»

በዚያ ወራት እማማ ትብለጥ ከአልጋ መነሳት አቃታቸው። አንድ ከሰዓት ምራታቸውን ጠሩ።

«የመጨረሻውን ጻፊ። የራሴን ነው። ለሁሉም አልቅሻለሁ፤ ለእኔ የሚያወጣልኝ የለም። ስቀበር አንቺ በይልኝ።»

ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ተናገሩ። አንጓች ጻፈች። ግን ደጁ ላይ አቶ ደምለው ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ ልቧ እሱ ዘንድ ነበር። ጣቷ ጻፈ፤ ጆሮዋ አልሰማም።

«ያዝሽው?» አሉ እማማ ትብለጥ።

«ይዤዋለሁ።»

«እንግዲህ ጠብቂልኝ። እኔ አንዴ ካስጻፍኩት እኔ ጋ አያድርም።»

ከዚያ ብዙም አልቆየ። የቆላው ፀሐይ አናት በሚበሳበት በአንድ ቀትር፣ ስክሪኑ ጨለመ። ክፉ ሽታ ሸተተ። አንጓች ዳንቴሉን ጣለች፤ ክዳኑን ከፈተች። በውስጡ የተቀዳደደ ወረቀት፣ ጸጉርና አቧራ ተከምሯል፤ በክምሩ መሃል ዓይናቸውን ያልገለጡ የአይጥ ግልገሎች ተኝተዋል። ከሥራቸው ትንሹ ኮምፒውተር አለ። እጇን አቃጠላት።

«አንተ! አንተ፣ ተናገር!»

«በሬሳ ውስጥ አኖርሽኝ፤ ሬሳ ሆንኩ» አላት። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣውም።

ይዛው ወደ ጠጋኙ ሮጠች። ጠጋኙ ፈታው፤ በብርሃን አየው፤ ራሱን ነቀነቀ።

«ሌላው ቢቀር፣ የተጻፈውን አውጣልኝ» አለችው።

«ጽሑፉን የሚይዘው ነው የተቃጠለው። የአይጥ ሽንት ገብቶበታል። ሌላ ቦታ አልገለበጥሽም?»

አንጓች ትንሹን በነጠላዋ ጠቀለለችው።

ወደ ቤት ስትገባ እማማ ትብለጥ ከመጋረጃው ወዲያ ተጣሩ። ድምፃቸው እንደ ክር ቀጥኗል።

«አንጓችዬ፣ ሙታኔ አሉ?»

አንጓች መጋረጃውን ይዛ ቆመች። ትንሹ ኮምፒውተር በነጠላዋ ተጠቅልሎ ብብቷ ሥር ነበር።

«አሉ፣ እማማ።»

«የእኔም አለ?»

«የእርስዎም አለ።»

«ተመስገን» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በዚያው ሳምንት አረፉ።

ከተማው በሙሉ ለቀብር ወጣ። እማማ ትብለጥ ያላለቀሱለት ቤት አልነበረምና ሁሉም መጣ። አቶ ደምለውም መጣ፤ አባቱን የሸኙለት እሳቸው ነበሩ። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ቆሙና አንጓችን ወደ መሃል ገፏት።

«ለራሳቸው ያወጡት አለ ብለውናል። በይ አውጪው፤ እንቀበልሽ።»

አንጓች አፏን ከፈተች። የመጀመሪያውን ቃል ፈለገችው፤ አጣችው። የመጨረሻውን ፈለገችው፤ አጣችው። እጇን ወደ ፊት ዘርግታ ጣቶቿን አየቻቸው። የጻፉት እነሱ ነበሩ፤ እነሱም አያውቁትም። እሪ አለች፤ እሪታዋ ግን ቃል አልነበረውም። ሴቶቹ ምን ብለው ይቀበሏት? ለከተማው ሁሉ ያለቀሱት ሴት ያለ አንድ ስንኝ አፈር ለበሱ።

ሐዘኑ ሲያልቅ አንጓች የእማማን አልጋ ሸጠች። ወደ ሱቁም ተመለሰች። ረጅሙ፣ «አሁንስ እኔን ትወስጃለሽ?» አላት። አለፈችው። ከታችኛው መደርደሪያ ሌላ ትንሽ ኮምፒውተር አነሳች።

«ታውቀኛለህ?» አለችው።

«አላውቅሽም» አላት። እውነቱን ነው፤ ያኛው አልነበረም።

ከመስኮቱ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ገልጣ አስቀመጠችው። የሚስቅ ሳቀ። የሚሄድ ሄደ። እሷ ፍላሽ በአንገቷ አንጠልጥላ ቤት ለቤት መዞር ጀመረች።

«እማማ ትብለጥ ለእናትሽ ያወጡትን ታስታውሺያለሽ?»

«እንዴት ይረሳል ብዬ ነበር። ረሳሁት።»

«ለልጅዎ ያወጡትን ያስታውሳሉ?»

«ያኔ እኔ ራሴን አላውቅም ነበር፣ ልጄ። እንዴት ልስማ?»

«ለአባትህስ?» ብላ አቶ ደምለውን ጠየቀችው። አቶ ደምለው መሬት መሬት አየ። «ጥሩ ነበር» አለ።

የሰገዱን፣ የውሃ ቀጂዋን፣ የሚጠየቅ ሰው እንኳ አልተገኘም።

በከተማው ዳር አናጢው አያ በሪሁን ብቻ መጋዙን አስቀምጦ ተቀመጠ። ለወንድሙ የወጣውን ያስታውስ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ እንዲህ አላት፦

ለመጣው ለሄደው፥ ቤቱን ያልዘጋ ሰው፣
ዛሬ የገባበት፥ መዝጊያው አፈር ነው።

አንጓች ወዲያው አልጻፈችም። «ድገምልኝ» አለችው። ደገመላት። አብራው አለችው። ከዚያ በኋላ ነው ቤቷ ገብታ የጻፈችው።

እንዲያ እያለች ጥቂት አገኘች። አብዛኛው ግን ጠፋ፤ የእማማ ትብለጥ የራሳቸው ሙሾም እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አንጓች የከፋባት ትንሹን በመምረጧ አይደለም። ለሥራዋ የሚበቃውን፣ ለቤቷ የሚሆነውን መርጣ ነበር፤ የከፋባት ሰው ሲስቅባት በመረጠችው ማፈሯ ነው። እናንተም ዕቃ ስትመርጡ ቤታችሁንና ሥራችሁን አይታችሁ ምረጡ፤ ከመረጣችሁ በኋላ የሰው ዓይን ፈርታችሁ አትቅበሩት።

እኔ የያዝኩትን አወረድኩ፤ ትከሻዬ ቀለለ። አሁን ተራው የእናንተ ነው፤ ተሸከሙልኝ።